ከደብዳቤ የወጣው ዘፈን

ያንን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት ከዘፋኝ አፍ አልነበረም። ከአንዲት የወታደር ሚስት አፍ ነው። እሷም እየዘፈነች አልነበረም፤ ለባሏ ደብዳቤ እያጻፈችኝ ነበር።

ጊዜው የሐምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነበርኩ። ሐረር፣ ሸዋ በር፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ዱካ አስቀምጬ ማመልከቻና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ገበሬው የመሬት ክርክሩን፣ ባሏ የሞተባት የጡረታ ጥያቄዋን ይዘው ይመጣሉ። ደብዳቤ የሚያጽፈው አብዛኛው ሰው የሚለው አንድ ዓይነት ነው። «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብዬ እጀምርና ሰላምታ የሚያቀርቡትን ዘመዶች ስም እደረድራለሁ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ እጄ ብቻውን ይጽፈው ነበር።

እሷ ግን እንደዚያ አልነበረችም። ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ኦጋዴን፣ ጠረፍ አጠገብ ወዳለ የጦር ሰፈር ተመድቦ ሄዷል። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ባለችው ቤታቸው ብቻዋን ቀርታ ለውዝ እየቆላች ትሸጥ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ መጥታ ዱካው ላይ ትቀመጥና ነጠላዋን አስተካክላ፣ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየች ትናገራለች።

«ለአንድ ሰው መቀቀል አልቻልኩበትም ይበሉልኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ስሰፍር እጄ የሚያውቀው ለሁለት ነው። ያንተን ድርሻ መልሼ አኖረዋለሁ። በሩንም ገርበብ አድርጌ ነው የምተወው፤ ግማሹ ያንተ ነው። ነፋስ ሲገፋው አንተ መስለኸኝ ተነሥቼ እሮጣለሁ።»

ብዕሬ ቆመ።

«ምነው ጋሼ፣ ፈጠንኩብዎ?»

«የለም እህቴ፣ ቀጥዪ።»

ልማዴ ሆኖ መጀመሪያ በደብተር ላይ ረቂቅ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እሰጣለሁ። የሌላውን ሰው ረቂቅ በየወሩ እቀድደዋለሁ። የሷን አልቀደድኩም። ለብቻው አንድ ደብተር ያዝኩለት። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ደብተር ነው።

በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ዘፋኝ ይኖር ነበር። ከከተማው ኦርኬስትራዎች በአንዱ ይዘፍናል፤ አኮርዲዮንም ይነካል። መልከ መልካም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ለስላሳ። ጓደኛሞች ነበርን። በዚያ ሰሞን አንድ ዜማ ይዞት ነበር። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብም፣ ሸሚዙን ሲተኩስም ያንጎራጉረዋል። ቃል ግን አልነበረውም፤ «ላላ ላላ» ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አኮርዲዮኑን ይዞ ደጄ ላይ ተቀመጠ። «ቃል ስጠኝ» አለኝ። «ዜማው አለቀ፤ የሚሞላው ጠፋ። አንተ ቀኑን ሙሉ የሰው ሆድ ስትጽፍ ትውላለህ፤ ሁለት መሥመር አታጣም።»

ያስገደደኝ የለም። ገብቼ ደብተሩን አወጣሁና አነበብኩለት። ሲሰማ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሥራ ጀመርን። የሴቲቱን ቃል ወደ ወንድ አፍ አዞርነው። እሷ «ለሁለት መስፈር» ያለችውን እሱ ወደ አዝማቹ አመጣው። እኔ ቤት መምቻውን አስተካከልኩ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አለቀ።

ለአንድ ሰው መስፈሩን እጄ መች ለመደ፣
ድርሻሽን እንዳቀፍኩ ዘመኑ ነጎደ።
በሩን ገርበብ አርጌ፣ ግማሹን ላንቺ ትቼ፣
ነፋስ ሲገፋው ሮጥኩ፣ አንቺ መስለሽኝ ተነሥቼ።

ሌላም ስንኝ ነበረው፤ ስለ ጋራው፣ ስለ ጉሙ፣ ሰማያዊ ቀለም ስለተቀባ በር። በሩ የሷ በር ነው። ይቅር ብዬ ነበር፤ ዘፋኙ ግን «እሱ ነው ሥዕሉ፣ እሱን ካወጣህ ምን ይቀራል» አለኝና ተውኩት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሲዘፍነው የግቢው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወጣ። አከራያችን በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልችልም።

ወረቀትና ቀለም የምገዛው ጀጎል ውስጥ፣ ከአንድ አዛውንት መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ዘፈኑ በከተማው ቡና ቤቶች መወደድ ሲጀምር ግጥሙ የእኔ መሆኑን ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ጉራዬን መንዛቴ ነበር።

መርፌያቸውን ከቆዳው ላይ ሳያነሡ ሰሙኝ። «ይኼን ቃል ከየት አመጣኸው?»

«ደብዳቤ የምታጽፈኝ ሴት ነግራኝ ነው ሐጂ።»

«አስፈቅደሃታል?»

የገዛሁትን ወረቀት መጠቅለል ጀመርኩ።

«ወላሂ፣ ይኼ አማና ነው» አሉኝ። «ሰው አምኖ እጅህ ላይ ያኖረው ነገር። እኔ ዘንድ ቁርኣኑን ሊያስጠርዝ የሚያመጣ ሰው አለ። ጀርባው ላይ ልጆቹ የተወለዱበትን ቀን ጽፎበት አገኛለሁ፤ አንዳንዴም ሌላ ነገር ጽፎበት። አላነበውም። ሰፍቼ እመልስለታለሁ። ይኼ ነገርህ አላማረኝም።»

ሽማግሌ ሁሉ ዘፈን አይወድም ብዬ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኦርኬስትራው አዲስ አበባ ሄዶ ዘፈኑን ለራዲዮ አስቀዳው። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። በየሻይ ቤቱ፣ በየልብስ ሰፊው፣ ከጭነት መኪናው መስኮት ሳይቀር ይሰማል። ፊት ለፊቴ ያለው ቡና ቤት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያሰማው አላውቅም። እኔ ከዚያ ጠረጴዛ መራቅ አልችልም፤ እሷም ደብዳቤ ልታጽፍ የምትመጣው እዚያው ነው።

አንድ ማክሰኞ መጥታ እንደተቀመጠች ራዲዮው ያንን ዘፈን ጀመረ። አንገቴን ደፍቼ ብዕሬን መሙላት ጀመርኩ፤ ሙሉ ነበር። እሷ መንገዱን እያየች እስከ አዝማቹ ድረስ አዳመጠች።

«ጋሼ፣ እኔም እንዲህ ብዬ አልነበር?»

«ሰው ሁሉ የሚለው ነው እህቴ» አልኳት። «ናፍቆት አንድ ዓይነት ነው።»

«ሰማያዊ በርም አለው» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ሳይሞላ ተመለሰ። ያን ቀን ያጻፈችኝ አጭር ነበር።

ከዚያ የባሏ ደብዳቤ መምጣቱ ቀረ። እሱ የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ነው፤ በራሱ እጅ በጥሩ ጽሕፈት ይጽፍላት ነበር፤ የማነብላት እኔ ነበርኩ። አንድ ወር አለፈ። ሁለተኛው ወርም ተጋመሰ። ፖስታ ቤት እየሄደች ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ በጠረጴዛዬ በኩል ስታልፍ ራሷን ነቅነቅ ታደርግልኛለች። ራዲዮው ውጊያ አለ አላለም። የሞተ ካለ ይነገራል። ታዲያ ምን ሆነ? እኔ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ግን እንደ ሕመም ደበቅሁት።

በዚያው ሰሞን አንድ የማላውቀው ሃምሳ አለቃ መጥቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ክንዱ በፋሻ ታስሯል፤ ለሕክምና የመጣ ነው። ማመልከቻ የሚያጽፍ መስሎኝ ወረቀት አወጣሁ።

«አላጽፍም» አለኝ። «ኦጋዴን እኛ ጦር ሰፈር ያለ ወታደር ሚስት፣ ሰማያዊ በር ያላት፣ እዚህ ደብዳቤ ታጽፋለች ይባላል። ያ ዘፋኝ የሚኖረው የት ነው? እሷ ቤት ይገባል?»

«አያውቃትም» አልኩ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

እዚያ ላይ ልናገር እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ እንጃ፣ መሰለኝ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝና ተነሥቶ ሄደ።

የባሏ ደብዳቤ ሃምሳ አለቃው ከሄደ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። እየሮጠች ነው ያመጣችው፤ ለውዝ የምትሸጥበትን ሰፌድ ጎረቤት ላይ ጥላ። ፖስታው ቀጭን ነበር። ስከፍተው አንድ ቅጠል ወረቀት፣ ሰላምታ እንኳ የሌለው። አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤

«ደብዳቤሽን በራዲዮ ሰማሁት። የሰውየው ድምፅ ያምራል። ፈቃድ ጠይቄአለሁ። በሩን ገርበብ እንዳደረግሽ ጠብቂኝ።»

ፊቷን ወደ እኔ አስጠግታ ትጠብቃለች። እስትንፋሷ ይሰማኛል።

«ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ ይላል» አልኩ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት ይላል። ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ ይላል።»

እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ሳመችውና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እኔ እያየሁ ያንን ወረቀት ሳመችው።

በሚቀጥሉት ቀናት ያየሁት ነገር ከዛቻው ይብስ ነበር። ደስታዋ ነበር። ኖራ ገዝታ ቤቷን አስለሰነች። አዲስ የአልጋ ልብስ፣ ሁለት የሸክላ ሲኒ። በጠረጴዛዬ ስታልፍ «ጋሼ፣ የዛሬ ሳምንት ይመጣ ይመስልዎታል?» ትለኛለች። ለእሱ የሚሆን ሸሚዝ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሚሠሩበት ከመኪና ግርግር መንገድ አሰፍታ አሳየችኝ።

ለዘፋኙ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ሳልስቅ ሲያየኝ ተወው። «ወታደሩ መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። በማግሥቱ የዘፈን ሸክላ ላስቀርፅ አዲስ አበባ ተጠርቻለሁ ብሎ ሻንጣውን አሰረ። እውነት ተጠርቶም ይሆናል። ክፍሉን ዘግቶ ሄደ።

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ደብዳቤውን አጣምሜ ማንበቤን ጭምር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሂድና ንገራት» አሉኝ። «ሌላ ምክር የለኝም። ዛሬ ሂድ። ከኔ ጋር ስታወራ ሰውየው መንገድ ላይ ነው።»

ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ግድግዳው ከኖራው የተነሣ ዓይን ይወጋል። ስታየኝ ሌላ ደብዳቤ የመጣላት መስሏት ተነሣች። ቆሜ ነገርኳት፤ ደብተሩን፣ እሑዱን፣ ዘፈኑን። እየሰማችኝ እጇ ላይ ያለውን ሲኒ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ደረቷ ውስጥ እጇን ሰደደችና ወረቀቱን አወጣች።

«አንብበው» አለችኝ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትለኝ የኖረች ሴት። «እንደተጻፈው አንብበው።»

አነበብኩላት።

«የሰውየው ድምፅ ያምራል አለ?»

«አዎ።»

«እንደገና አንብበው።»

እንደገና አነበብኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ወደ እናትሽ ቤት፣ ድሬ ጠያራ ሂጂ» አልኳት። «እኔ ተቀብዬ እነግረዋለሁ። እስኪበርድ ድረስ።»

«ከሄድኩ እውነት ይመስለዋል» አለች። «እኔ ምን አደረግኩና ነው ከቤቴ የምወጣው? ደብተሩን አምጣና አንተ መንገዱ ላይ ቁም። መጀመሪያ አንተን ያግኝ።»

ሦስት ቀን ሸዋ በር ቆምኩ። የወታደር መኪና በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሁሉ ፊቱን አያለሁ። መልኩን የማውቀው እሷ ካሳየችኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ከጭነት መኪና ወረደ። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። ስሙን ጠራሁት።

ቀኝ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። «ማነህ?»

«ደብዳቤውን የምጽፍላት እኔ ነኝ። ዘፈኑንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሚስትህ ዘፋኙን በዓይኗ አይታው አታውቅም።»

ደብተሩን ዘረጋሁለት። በግራ እጁ ተቀበለኝ፤ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ያነብ ጀመር። ገበያተኛው በመካከላችን ያልፋል። በየገጹ ላይ ቀን ጽፌአለሁ። እያንዳንዱን ከሚያስታውሰው ጋር ሲያስተያይ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀኝ እጁ ከኪሱ አልወጣም። ያንን ያህል የረዘመ ንባብ በሕይወቴ አላየሁም።

«ታውቃለህ?» አለኝ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። «ደብዳቤዋ በመጣ ቁጥር ለድንኳን ጓደኞቼ አነብላቸው ነበር። ደብዳቤ የማይመጣለት አለ፤ እሱም ይስማ እያልኩ። ስምንት ነን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራዲዮ ከፍተን ተኝተን ሳለ ያ ዘፈን መጣ። መጀመሪያ የሳቀ ነበር። ኋላ ሁሉም ዝም አሉና አዩኝ። አሥራ አራት ዓይን።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«አውቄአለሁ። አሁን አነበብኩት አይደል?» ደብተሩን ካፖርቱ ውስጥ ከተተው። «አንተን እዚህ ባላገኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አትጠይቀኝ።»

ወደ ሐኪም ጋራ መንገድ ታጠፈ። ራቅ ብዬ ተከተልኩት። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ገፋው፣ ገባ፣ ከውስጥ ዘጋው። እኔ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ጩኸት ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም። እስኪመሽ ድረስ ምንም አልተሰማም። ወደ ቤቴ የተመለስኩት ዝምታው ደህና ይሁን ክፉ ሳላውቅ ነው።

ክፉ አልነበረም፤ ደህናም አልነበረም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወደ ጦሩ ተመለሰ። እሷ ለውዟን መሸጥ ቀጠለች። ወሬው ግን ቀድሞን ወጥቶ ነበር። ያወራው ያ ክንዱን የታሰረ ሃምሳ አለቃ ይሁን ሌላ፣ ሰማያዊው በር የማን እንደሆነ ከተማው አወቀ። ወጣቶች በደጇ ሲያልፉ ያፏጩታል። ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ስትሰለፍ ሴቶቹ «የዘፈኗ እመቤት ትቅደም» ይሏታል። በሩን አረንጓዴ አስቀባችው። ያኔ ደግሞ «ለምን ቀየረችው» ተባለ።

ባሏ ዝውውር ጠየቀና ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመደበ። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«የመጣሁት ላጽፍ አይደለም» አለች። «አምኖኝ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ ብዬ ነው። አምኖኛል። አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ግን አንድ ነገር ስነግረው ያዳምጠኝና ፊቱ ይለወጣል። ይኼም አንድ ቀን ይዘፈን ይሆን የሚል ይመስለኛል። ስለዚህ ዝም ማለት ለምጃለሁ። ድሮ ብዙ እናገር ነበር፤ እርስዎ ያውቃሉ።»

እርስዎ ማለቷ ከስድብ ይልቅ ወጋኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ዘፈኑ ግን አደገ። ሸክላው ላይ ግጥምና ዜማ በዘፋኙ ስም ተጻፈ። ሰርግ ያለሱ የማይሞቅ ሆነ። ሰዎች ልጆቻቸውን ሲድሩ እየተቃቀፉ ያለቅሱበታል፤ ሙሽራው ለሙሽራይቱ በጆሮዋ ይለዋል። እኔ በተጠራሁበት ሰርግ ሁሉ ዘፈኑ ሲጀመር ጫማዬን የማስር መስዬ እወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ዘፋኙ ለሙዚቃ ዝግጅት ሐረር መጥቶ አገኘሁት፤ ወፍሯል፣ መነጽር አድርጓል። ስለ ሴቲቱ ጠየቀኝ። ሄደች አልኩት። «ለጋዜጣ ሲጠይቁኝ የልጅነት ፍቅረኛዬን አስቤ ነው የጻፍኩት እላለሁ» አለኝ። «ምን ልበል ታዲያ?» እውነቱን በል አልኩት። «ለማን ይጠቅማል?» አለኝ።

ራዲዮ ጣቢያው ቃሉ የአንዲት ሴት መሆኑን እንዲያውቅ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስሟን አልጠቀስኩም። መልስ አልመጣም።

ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሲጋመስ ከተማው ሌላ ሆነ። ወታደሮች አለቆቻቸውን አሠሩ ተባለ። ራዲዮው መግለጫ ያነባል፣ ማርሽ ያሰማል፣ እንደገና መግለጫ። በመካከሉ የፍቅር ዘፈኖችን ያሰማ ነበር፤ ያንንም ዘፈን ደጋግሞ። በጭነት መኪና ላይ ጠመንጃ የያዙ ልጅ እግር ወታደሮች ሸዋ በርን ሲያልፉ አዝማቹን ሲቀበሉት ሰምቻለሁ። ሥራዬ በዛ። የመሬት ክርክር የሚያጽፍ ቀረና ሰው ሰውን የሚከስ መጣ። ጌታውን የሚከስ ነበር፤ ብዙዎቹ እውነታቸውን ነበር፤ ጻፍኩላቸው።

አንድ ቀን ጥሩ የለበሰ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ጎረቤቱን ሊከስ ነው። ጎረቤቱ ከሚስቱ ጋር ራት ሲበላ ስለ አዲሶቹ ሹሞች ምን እንዳለ፣ በአጥር በኩል የሰማውን፣ ቃል በቃል ይነግረኝ ጀመር።

«ይኼን የነገረው ላንተ ነው?» አልኩት።

«ለሚስቱ ነው ያልኩህ። ሰማሁት። ጻፍ።»

ብዕሩን ከደንኩ። «አልጽፍም» አልኩት።

«አንተ ምን ቤት ነህ?» አለኝ ተቆጥቶ። «የተነገረህን መጻፍ አይደለም ሥራህ?»

ወረቀቴን ሰበሰብኩ። ሰውየው ተነሥቶ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ተቀመጠ። እዚያ ያለው ጸሐፊ ንጹሕ ወረቀት አውጥቶ ብዕሩን ሲያዘጋጅ አየሁት።